ድንጋይ የሚያጠጣው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ድንጋይ ማጠጣት ነበር። አትሳቅ፣ ይሁኔ። «ሚስቴ ክፉ ስናገራት ታኮርፋለች እንጂ መታረቋ አይቀርም፤ ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር መጣ ብዬ ልፍራ?» ብለህ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። መጀመሪያ ይህን ስማ።

ሰውየው የሚኖረው ሞቃት ባሕር መካከል ባለች ደሴት ነው። ከተራራው ጫፍ፣ አንድ ቋጥኝ ላይ፣ ሌላ አገር የማይገኝ ሳረንስት ይበቅል ነበር፤ ድንጋዩን እንደ ለምድ የሚያለብስ ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ነው። ጉሙን ይጠጣና መልሶ ጠብ ጠብ ያደርገዋል፤ መንደሩ የሚቀዳው ይህንኑ ነው። በበጋ ጉም ሲጠፋ ሳረንስቱ ይደርቃል፣ ይጠቁራል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በየሳምንቱ አንድ ቅል ውሃ እየወሰደ እንዲያርከፈክፍበት ለሰውየው አደራ ሰጡት።

አንድ ሳምንት ዳገቱ ሰለቸውና ቀረ። ምንም አልሆነም፤ ጉሙ ሲመለስ ሳረንስቱም ለመለመ። በሚቀጥለው በጋ ወር ሙሉ ቀረ። አሁንም ለመለመ። ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ተወው። አንዲት ውሃ ቀጂ፣ «ኧረ ሄደህ እየው፣ ዘንድሮስ መልኩ አላማረኝም» ብትለው፣ «ሲደርቅ አይተሽ አታውቂም እንዴ?» ብሎ ሳቀባት።

ጉሙ መጣ። ዛፉ ሁሉ ራሰ፣ ሣሩ አቆጠቆጠ። ከቋጥኙ ግን አንድም ጠብታ አልወረደም። ሰውየው ቅሉን ሞልቶ ዳገቱን በሩጫ ወጣ፣ አፈሰሰበት፣ ጠበቀ። መልኩ ያው ነው፤ አምናም እንዲሁ ጠቁሮ ነበር፣ ካቻምናም። እጁን ቢያሳርፍበት ግን እንደ ራሰ ዐመድ ከድንጋዩ ተላቆ መዳፉ ላይ ቀረ። ሳረንስቱ በየትኛው ቀን እንደሞተ እንኳ አያውቅም። ከታች ሴቶቹ ባዶ እንስራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ወርዶ ምን እንደሚላቸው ጨነቀው።

ይሁኔ፣ ያ ሳረንስት ሚስትህ ናት። ድሮ ስትናገራት ታለቅስ ነበር፣ አፍ አፍህን ትልህ ነበር። አሁን ዝም ብላለች አልከኝ። አንተ ኩርፊያ ነው ትላለህ። እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም፣ ከሩቅ ሲያዩት የደረቀውም የሞተውም አንድ ነው። በእውነት ፈርቼልሃለሁ። ምን ትጠብቃለህ? ተነሥና ቤትህ ሂድ።