ደብሪቱና የተላሰው ማዕድ

ያን ባልዲ ወዲያ አድርጉትና ቁጭ በሉ። አንተም ጭምር፣ ሙሽራው። ሰርጉ አምሯል፤ ልጅቷም ቆንጆ ናት፤ በዚህ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ባጃጅህ ግን ከግቢው ለምን እንደጠፋ ኋላ እጠይቅሃለሁ። አሁን የተናደድኩት ባልዲውን አይቼ ነው። ያልተቆረሰ እንጀራ፣ ያልተገመጠ ዳቦ፣ ጥርስ ያላረፈበት ሥጋ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ሊደፋ ነው። ነገ ደግሞ ጤፍ ተወደደ፣ ዘይት አልቀመስ አለ እያላችሁ ነጋዴውን ስትረግሙ ትውላላችሁ። የምትደፉት በዚያው ዋጋ የተገዛውን አይደለም እንዴ? ስለ ደብሪቱ እነግራችኋለሁ፤ ሳይሰማ የሚነሳ የለም።

ድሮ ነው፤ የአያቴ አባት ገና ሱሪ ሳይታጠቅ። ጠጠር አምባ የምትባል መንደር ነበረች። መሬቷ ድንጋያማ ነው፤ እህል የሚበቅልባት በመከራ ነው። ሰዎቿ ግን አንድ ክፉ ልማድ ነበራቸው። ድግስ የደገሰ ሰው እንግዳው ጠግቦ ከሄደ በኋላ መሶቡ ሞልቶ ካልተረፈ ያፍር ነበር። «የእገሌ ማዕድ ተላሰ» ይባልበታል። ይህ ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው። ማዕዱ የተላሰበት ሰው ልጁን የሚያገባለት አያገኝም ነበር።

ስለዚህ ሁሉም ከሚበላው በላይ ይደግሳል። በሬ ያለው በሬውን ያርዳል፤ በሬ የሌለው ለዘር ያስቀመጠውን ያስፈጫል። የተረፈውን ገደሉ አፋፍ ላይ ወስደው ሰው እያየ ይደፉታል። ሲመሽ ጅብ ይበላዋል። የጠጠር አምባ ጅቦች ከመወፈራቸው የተነሳ መሮጥ አቅቷቸው ነበር ይባላል። ክረምት ሲገባ የዚያው መንደር ልጆች የሚቆረጥሙት ቆሎ አያገኙም። እስቲ ይሄ አያናድድም?

ደብሪቱ የዚያች መንደር ሰው ናት። ባሏ ደምለው ወባ ይዞት ሞተባት። ጥሎላት የሄደው ትንሽ መሬትና አንድ በሬ ነው። በሬው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይሉታል። በአንድ በሬ አይታረስምና ቦራን ከጎረቤቷ ከአያ ታምሬ በሬ ጋር ታቀናጀዋለች። አያ ታምሬም የራሱን መሬት ያርሳል፤ የእሷንም ያርሳል። ቦራ ከሌለ ሁለት ቤት ጦሙን ያድራል ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። የደብሪቱ ሥራ ድግስ ባለበት እየሄደች ማዕድ መዘርጋትና ማዕድ ማንሳት ነበር። ማንም ስሟን አይጠራትም ነበር፤ «አንቺ መሶብ አንሺ» ነው የሚሏት።

አንድ ቀን ጭቃ ሹሙ ውቤነህ ልጁን ዳረ። ጭቃ ሹም የመንደሩ አዛዥ ነው፤ ከእሱ በላይ የደገሰ አልነበረም። ደብሪቱ መሶቡን ልታነሳ ብትመጣ ከላይ ያለው እንጀራ ብቻ ነው የተቆረሰው። ከሥሩ ያለው ድርብርብ ሰው አልነካውም። ወጡ ግን እስከ ታች ዘልቆ አርሶታል። ገና ደረቅ የሆነውን እየለየች በነጠላዋ ቋጠረች። ቤቷ ወስዳ ቆራርሳ ጣራዋ ላይ ለፀሐይ አሰጣችው። ድርቆሽ ልታደርገው ነው።

ጭቃ ሹሙ በበቅሎ ሲያልፍ ጣራውን አየና ቆመ። ተቆጣ። ትርፌ ገደሉ አፋፍ ላይ ካልታየ መደገሴን ማን ያውቃል አለ። ያን ሁሉ ድርቆሽ ሰብስባ በገዛ እጇ ገደል እንድትደፋው አዘዘ። ሰው ወጥቶ እያየ ሳቀ። ደብሪቱ ደፋች። ቤቷ ገብታ ያለቀሰችው ለእህሉ እንጂ ለራሷ አይደለም ይላሉ። እኔ ግን ለራሷም ያለቀሰች ይመስለኛል፤ ሰው ናት እኮ።

ከዚያ ወዲያ አሠራሯን ለወጠች። በየድግሱ ማዕድ ስትዘረጋ፣ እንግዳ ሳይቀመጥ፣ የሰው እጅ ሳያርፍበት፣ ከድርብርቡ ሥር የሚተርፈውን ቀድማ ታነሳለች። ወጡ የሚፈስበት ከላይ ያለው ብቻ ሆነ። እንግዳው እንደ ልቡ ይበላል፤ የጎደለበት የለም። መሶቡም ትንሽ ይተርፈዋልና ደጋሹ አያፍርም። ያነሳችውን እንደ በፊቱ ጣራዋ ላይ ታደርቃለች። ድርቆሹ ከምድጃዋ በላይ ባለው ቆጥ ላይ፣ ጭሱ እየነካው፣ እያደገ ሄደ።

ጭቃ ሹሙ ይህንንም ሰማ። አሁንስ ሌባ ናት አለ። ዋርካው ሥር አስጠራት። መንደሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ደብሪቱ ድርቆሹን በአቁማዳ ሞልታ ተሸክማ መጣችና ሽማግሌዎቹ ፊት ዘረገፈችው። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ የተሰማው።

«ጌቶቼ፣ ሌባ የሚሰርቀውን ይደብቃል። እኔ ጣራ ላይ አስጥቼዋለሁ። ማዕዱ ጎድሎብኝ ነበር የሚል ካለ ይምጣና ይውሰድ።»

ማን ይምጣ? ጎድሎብኝ ነበር ያለ ሰው ማዕዴ ተላሰ ማለቱ ነው። አንዱ አንዱን አየ። ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን አሹ። ጭቃ ሹሙም በራሱ ኩራት ታሰረ። በቀሉን ግን አልተወም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብሪቱ ድግስ ቤት እንዳትደርስ ከለከላት። ደብሪቱ ድርቆሿን ሰብስባ፣ አቁማዳዋን ተሸክማ ሄደች። እንጀራዋን ነው የዘጋባት፤ የሚበላ እህል ከገደል ስላተረፈች! እስቲ ይሄ አያናድድም?

ወንዶቹ ዝም አሰኘናት ብለው ተኙ። ሴቶቹ ግን ዋርካው ሥር የሰሙትን አልረሱም። አንዷ ውሃ ልቅዳ ብላ በደብሪቱ ደጅ ታልፋለች፤ በእንስራዋ ውስጥ ከድግስ የተነሳ ደረቅ እንጀራ አለ። ሌላዋ እሳት ልጫር ብላ ትገባለች፤ ከነጠላዋ ሥር ቁራሽ ትፈታለች። ደብሪቱ በበኩሏ እንዴት እንደሚደርቅ፣ እንዴት ሳይሻግት እንደሚቀመጥ ታሳያቸዋለች። ሴቶቹ በየቤታቸውም የሚያቦኩትን ሊጥ በልክ አደረጉት። ሰኔ ገባ፤ ጎተራው ውስጥ ገና እህል አለ። ባሎቻቸው ዘንድሮ አይጥ ቀነሰ አሉ። አይጥ! የጭቃ ሹሙ ሚስት ወይዘሮ ትርንጎ ሳትቀር ቁራሽ ትልክ ነበር።

በዚህ መሃል የደምለው ተዝካር ደረሰ። ጭቃ ሹሙ ሰዎቹን አስከትሎ ደብሪቱ ደጅ መጣ። በሬ ሳይታረድ ተዝካር የለም፤ ቦራን ታርጂዋለሽ አላት። ካላረድሽ ባልሽ እንደ ውሻ ተቀበረ ይባላል አላት። አስቡት፤ የሞተ ባሏን ስም ይዞ ነው የመጣባት። አያ ታምሬ አጥሩ ሥር ቆሞ ይሰማል። ቦራ ከታረደ ልጆቹን ይዞ ከመሰደድ በቀር ሌላ መንገድ የለውም፤ ግን ጭቃ ሹም ፊት ምን ይበል? ደብሪቱ በዚህ ጊዜ እሺ አላለችም።

«ደምለው ቦራን ያሳደገው እንዲያርስ ነው። ተዝካሩን አወጣለሁ። ቦራ አይታረድም።»

ጭቃ ሹሙ ሳቀ። በመንደሩ ፊት ስትዋረድ ሊያይ ጓጓ። ቀኑ ሲደርስ የቀረ ሰው አልነበረም፤ ግማሹ ለጸሎት፣ ግማሹ ለወሬ ነው የመጣው።

ደብሪቱ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ በርበሬውን አብስላ፣ ቅቤ ጣል አድርጋ፣ ያን ሁሉ ድርቆሽ በትኩሱ ፈትፍታ አቀረበችው። ቄሶቹ ባርከው ቀመሱ፤ ከዚያ ቀና ሳይሉ በሉ። ሽማግሌው ደገመ። ድሃው ደገመ። ጭቃ ሹሙ ራሱ ነቀፌታ እየፈለገ ሦስት ጊዜ አስጨመረ። በሰው ልክ የተሠራ ነበርና ሁሉም ጠገበ፤ በመሶቦቹ ላይ ግን አንዲት ፍርፋሪ አልቀረችም። ጭቃ ሹሙ የጠበቀው ይህን ነው። ብድግ ብሎ ጮኸ።

«ማዕዷ ተላሰ!»

ደብሪቱ ባዶውን መሶብ አንስታ ሰው ሁሉ እያየ ገለበጠችው።

«አዎ፣ ተላሰ። ያልጠገበ ካለ ይነሳ።»

የተነሳ የለም። ጭቃ ሹሙ በንዴት ጦፈ። እህሉን ከየት አመጣሽው አላት። ደብሪቱ መለሰች እንዳይመስላችሁ። ብትመልስ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ በባሎቻቸው በትር ሊያልቁ ነው። ሌባ ይበሉኝ ብላ ቆመች። ይህኔ ከሴቶቹ መሃል ወይዘሮ ትርንጎ ተነሳች።

«ከእኔ ጓዳ ነው የመጣው፣ ጌታዬ። ለጅብ ድፉት ያልከው ነው። ጣፍጦህ ሦስቴ አስጨመርክ።»

ከኋላዋ ሌላዋ ተነሳች። ከእኔም ጓዳ አለበት አለች። ሌላዋም ተነሳች፤ ሌላዋም። ዳሱ ውስጥ የተቀመጠች ሴት አልቀረችም። ባሎቹ አንገታቸውን ደፉ። ዘንድሮ ጎተራቸው ያልጎደለው በአይጡ ምክንያት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባቸው።

«እንግዲህ» አለች ደብሪቱ፣ «ዛሬ ጦሙን የሚያድረው ጅቡ ብቻ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሶቹ ናቸው ይባላል። ከዚያ ዳሱ በሙሉ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ በቅሎውን ሳይጠራ በእግሩ ሄደ። በማግስቱ አያ ታምሬ ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ ወጣ፤ ቦራ በቀኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጠጠር አምባ ማዕድ ሲቀርብ፣ ማንም እጁን ሳያሳርፍ፣ የሚተርፈው ቀድሞ ይነሳል። ይህን «የደብሪቱ ድርሻ» ይሉታል። በልተው ሲያበቁ መሶቡን ይገለብጡና ደጋሹን «ቦራ ይረስ» ብለው ይመርቁታል። እሱም «ጅብ ይጡም» ብሎ ይመልሳል። ዛሬ እዚያ አገር ማዕዱ የተላሰ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። መሶብ አንሺ ትባል የነበረችው ሴት ስሟ በየማዕዱ ይጠራል፤ የጭቃ ሹሙን መቃብር ግን የት እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ሙሽራው። ባጃጅህ የት ሄደ? አትደብቀኝ፤ አባትህ ነግሮኛል። ሰው ምን ይለኛል ብለህ ሸጠህ ደገስክበት። በምን ሠርተህ ነው ነገ ይህችን ልጅ የምታበላት? ያ ባልዲ ውስጥ ያለው ቦራህ ነው፣ ልጄ። አርደኸው ልትደፋው ነበር።

እኔ ከአባቴ የሰማሁትን ይኸው ለእናንተ አስረክቤያለሁ። በሉ ተነሱ፤ ገና መሶብ ላይ ያለውን፣ እጅ ያልነካውን ለዩና ነጠላ ላይ አውጡልኝ። ነገ ጥሩ ፀሐይ አለ።