የጡረታው መስክና የተከፈለው ሸንጎ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ አንበሳ የሚመራው የጫካው ሸንጎ ለሁለት ተከፈለ። ያጣላው ከምንጩ አጠገብ ያለ ለምለም መስክ ነው። መስኩ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል፤ ለሸንጎው ውሃ ሲያመላልሱና ድንበር ሲጠብቁ ኖረው ጥርሳቸው ያለቀ እንስሳት በጡረታ ያርፉበታል። ወጣቶቹም ጀርባቸው እየተላጠ የሚሠሩት፣ ሲያረጁ እዚያ እንደሚገቡ ስለሚያውቁ ነበር።

የአንበሳ ምክትል ጎሽ ነበር። ቀበሮ ይህን ወንበር ከተመኘች ቆይታለች፤ ለዚህም የጅብን ድጋፍ ትፈልጋለች። ድርቁ ሲበረታ በሸንጎው ፊት ቆማ፣ ሳሩ እየሳሳ አዛውንቱ ግን እየበዙ መምጣታቸውን አስረዳች። ከእንግዲህ ወደ መስኩ መግባት ያለበት ቆሞ መሄድ ያቃተው ብቻ ነው፤ ሌላው ወጥቶ ይሥራ አለች። ጅብ ንግግሯ ሳያልቅ መስማማቱን ተናገረ። አጥሩን ማለፍ አይችልም፤ ያረጀ አህያ ከአጥር ውጭ ሲውል እየታየው ምራቁን ይውጥ ነበር።

ጎሽ ግን ተነሣ። «እነዚህ እንስሳት ጉልበታቸውን የሰጡን ቃላችንን አምነው ነው። እነሱ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ እኛ ቃላችንን ልንለውጥ አንችልም» አለ።

ቀበሮም ረጋ ብላ፣ «ሳሩ ካለቀ ምን ልናበላቸው ነው፣ ቃላችንን?» ስትል ጠየቀችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሸንጎው አብሮ መቀመጥ አቃተው። የጎሽ ወገኖች ከመሰብሰቢያው ዋርካ ወዲህ፣ የቀበሮ ወገኖች ከዋርካው ወዲያ ይሰበሰቡ ጀመር። ሲተላለፉ እንኳ ሰላምታ ቀረ። ቀበሮ አንበሳን ለብቻው አግኝታ፣ ጎሽ ለአዛውንቱ የሚቆረቆረው ዙፋኑን ፈልጎ እንደሆነ ሹክ አለችው። አንበሳም እርጅና ስለተጫነው ፈራ። ሕጉ ይበጃል አይበጅም ብሎ መመርመሩን ትቶ፣ ሸንጎው እንዳይፈርስበት ብቻ ተጨነቀ። በመጨረሻ የቀበሮን ሕግ አጸደቀ፤ ጎሽንም ከሸንጎው አሰናበተው።

በማግስቱ ጠባቂዎች የመስኩን በር ከፍተው መቆም የሚችለውን ሁሉ አስወጡ። ከሚወጡት መካከል ዕድሜዋን በሙሉ ውሃ ስታመላልስ የኖረች አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። እንደ ድሮዋ ውሃ ጭነው ከወጣት አህዮች ጋር ሰደዷት። ወጣቶቹ ሊያግዟት ሞከሩ፤ ነገር ግን ውሃው ከዘገየ እንደሚቀጡ ስለተነገራቸው እየተሳቀቁ ቀደሟት። አቀበቱ ላይ ጉልበቷ ከዳትና ተንበረከከች። ያን ጊዜ ጅብ ከቁጥቋጦው ወጣ።

አህያዋም፣ «አያ ጅቦ፣ የተሸከምኩት የእናንተን ውሃ ነው። ወደ መስኩ መልሰኝ» አለችው።

ጅብ ሞኝ ነውና የልቡን መደበቅ አልቻለም። «እኔ ሕጉን የደገፍኩት ከመስኩ እንድትወጪልኝ ብዬ አይደለም እንዴ?» አላት።

ይህን ከአቀበቱ ጫፍ የነበሩት ወጣቶች ሰሙት። ሸክማቸውን ጥለው እየጮኹ ወደ ታች ሮጡ፤ በሸለቆው ብቻውን ይግጥ የነበረው ጎሽም ጩኸታቸውን ሰምቶ ደረሰ። ጅቡን በቀንዱ አንሥቶ ወረወረው፤ ጅብም እያነከሰ ሸሸ። የአህያዋን ጭን ግን ቀድሞ ቦጭቆታል። ወጣቶቹ ከበዋት ቆሙ። ደሟ እየፈሰሰ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

ሲነጋ ውሃ የሚያመጣ ጠፋ። ድንበሩም ጠባቂ አልነበረውም። ቀበሮ አንበሳን ቅጣቸው አለችው፤ አንበሳ ግን የሚቀጣለት አጣ። ጥሙ ሲጠናበት እየተጎተተ ወጣቶቹ ወዳሉበት ሄደ፤ ለምን ሥራ እንደተዉም ጠየቃቸው።

ከአህዮቹ አንዷ ቀና ብላ፣ «ጌታችን፣ ውሃውን እናመጣለን። ስናረጅ ወዴት እንደምንሄድ ግን ንገረን» አለችው።

አንበሳም መሬት መሬት እያየ ተመለሰ፤ በዚያው ቀን ሸንጎውን ሰብስቦ ሕጉ ይሻር አለ። ቀድማ እጇን ያወጣች ቀበሮ ነበረች፤ ስለ አዛውንት ክብርም ረዥም ንግግር አደረገች። ጅብ ከሸንጎው ተባረረ፤ ጎሽ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አዛውንቱ ወደ መስኩ ሲገቡ ወጣቶቹ ዳርና ዳር ቆመው አሳለፏቸው። ውሃ ማመላለሱም ተጀመረ። ይሁን እንጂ ወጣቶቹ ከዚያ ወዲህ ሸንጎው በተሰበሰበ ቁጥር ከዋርካው ሥር ቆመው የሚባለውን ሁሉ ያዳምጡ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ለደከሙት የገቡትን ቃል የሚያፈርሱ ገዢዎች ገና ያልደከሙትንም አመኔታ አብረው እንደሚያጡ ነው።