የስድስተኛው ቀን ወጪ

በአንድ ወቅት፣ ሌላው ሰው እሳት ሲያጠፋ እሱ ወጪ የሚጽፍ አንድ ሰው ነበረ። ስሙ ቢያድግልኝ ነው። በኅዳር ወር በወሎ ደጋ፣ አንጓት በሚባል ተራራ ላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ተቀጣጥሎ ቁልቁል ወደ መንደሩ ሲወርድ፣ ወረዳው አንድ ድንኳን፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መዝገብ አስይዞ ላከው። ስንት ሰው ዋለ፣ ስንት አካፋ ተሰበረ፣ ስንት በቅሎ ውኃ ጫነ፣ ይህን ሁሉ መጻፍ የእሱ ፈንታ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ እሳቱን ከማጥፋት ይህ ይከብዳል። እሳት የሚያጠፋውን ሰው ሁሉም ይመርቀዋል፤ ወጪ የሚጽፈውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ደንቡ ቀላል ነው። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የየቡድኑ አለቃ ወደ ድንኳኑ ይመጣል፣ የዕለቱን ወጪ ይናገራል፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። በዕለቱ ያልተጻፈ ወጪ እንዳልወጣ ይቆጠራል። በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ የተሰበረ አካፋውን ይዞ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ቢመጣ፣ ቢያድግልኝ አልጽፍም ብሎ መለሰው። ከዚያ ወዲህ «አቶ ደረሰኝ» የሚል ስም ወጣለት። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ሲበሉ እሱ ብቅ ካለ ጨዋታው ይቋረጣል። ስለዚህ ቆሎውን ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ብቻውን ይበላ ጀመር።

ብቻውን መብላቱ አዲስ ነገር አልነበረም። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ማኅደር ደሴ፣ አክስቷ ዘንድ ናት። እሱ የሚኖርባት ክፍል አልጋ ሲገባባት ወንበር የሚወጣባት ጠባብ ናት። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ከገና በፊት ሊያመጣት ለልጁ ቃል ገብቷል፤ ለዚያም ሲል ከደመወዙ እየቆጠበ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ለእሳቱ ከተፈቀደው ገንዘብ የቀረው አርባ አምስት ሺህ ብር ብቻ ሆነ። የእሳት ማጥፋቱ አስተባባሪ ተጨማሪ ሊጠይቅ ወደ ከተማ ወረደ። ሲሄድም በቅሎዎቹ ሥራ እንዲያቆሙ፣ እሱ እስኪመለስም ቤሳ እንዳይወጣ አዘዘ። ተራራው ላይ ስልክ አይሠራም። እሱ በሄደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነፋሱ ዞረ።

የበቅሎዎቹ ባለቤት ወይዘሮ ሰዓዳ ይባላሉ። በቃ ተብለዋል፣ የአምስት ቀን ኪራያቸውንም አስጽፈዋል፤ ቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ተራራው ጫፍ ላይ አርባ ሰው ያለ ውኃ መቅረቱን ሲሰሙ ማንንም ሳይጠይቁ ጭነው ወጡ። በሦስተኛው ምልልስ ትልቋ በቅሎ ጢሱ አፍኗት ገደል ገባች። ውኃው በመድረሱ ሰዎቹ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ እሳቱን ያዙት። ከዚያ በኋላ ግን አመለጣቸውና ወረደ።

እሳቱ የሚወርድበት መንገድ ላይ የአያ ይመር ገብስ ነበር። ደርሷል፣ የሚያጭዱት በማግስቱ ነበር። አያ ይመር ከማሳው ግርጌ ቆመው ክብሪት ጫሩና በገዛ ገብሳቸው ላይ ለቀቁት። ትልቁ እሳት ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ቆመ፤ ስልሳ ቤት ተረፈ። ማንም አላዘዛቸውም። ዝም ቢሉም ገብሱ መቃጠሉ አይቀርም ነበር የሚል አለ፤ ከስልሳው ቤት የመጀመሪያው የራሳቸው ነው የሚልም አለ።

ቢያድግልኝስ? እሱ የመጻፍ እንጂ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ነፋሱ ሲዞር ግን መዝገቡን ከድኖ ወደ አስፋልቱ እየሮጠ ወረደ። እዚያ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች የውኃ ቦቴ ነበራቸው። ኃላፊው መንግሥት ካልከፈለ ማን ይከፍላል ቢለው፣ እኔ ብሎ በራሱ ስም ፈረመ። ቦቴው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደረሰ። ፍንጣሪው የተቃጠለውን ማሳ ዘሎ የገለባ ክምር ላይ ተያይዞ ነበርና አጠፋው። በዚያው እሳቱ አበቃ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ጠረጴዛው ላይ ማንም አልነበረም፤ የስድስተኛው ቀን ገጽ ባዶ ቀረ። እሱ በቦታው ቢቀመጥ ኖሮ በቅሎዪቱም ማሳውም በደንቡ ይጻፉ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዞን ደብዳቤ መጣ፤ ተጨማሪ ገንዘብ አልተፈቀደም። ላልተጻፈው ቀን በመዝጋቢው ምስክርነት አንድ ወጪ ብቻ ይመዝገብ፣ የማንም ይሁን የማን፤ የቀረውም ገንዘብ ለዚያ ወጪ ብቻ ይከፈል፣ ሊከፋፈል አይችልም ይላል። በቅሎዪቱ አርባ አምስት ሺህ ብር ታወጣለች። ገብሱም ዘጠኝ ኩንታል ይወጣው ነበር፣ ዋጋው ያው ነው። የቦቴው ኪራይም ከነነዳጁ ያው ነው፤ ካልተከፈለ ከቢያድግልኝ ደመወዝ በየወሩ ሦስት ሺህ ብር፣ አሥራ አምስት ወር ይቆረጣል። ያን ጊዜ የሁለቱ ክፍል ነገር ተረሳ ማለት ነው።

ሁለቱን ወደ ቢሮው አስጠርቶ ደብዳቤውን አነበበላቸው። የራሱን ነገር አላነሳም። ወይዘሮ ሰዓዳ ቀድመው ተናገሩ።

«በሷ ነው የምኖረው። ቀሪዎቹ ሁለቱ ከባድ ጭነት የማይችሉ አሮጌዎች ናቸው።»

አያ ይመር ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«እኔን ማንም አላዘዘኝም፤ አልዋሽም። የሚያዝ ሰውም አልነበረም። እስከ መጪው አዝመራ ስድስት ነፍስ የምቀልብበት የለኝም።»

አንዳቸው የሌላውን አላጣጣሉም። ሊወጡ ሲነሱ ወይዘሮ ሰዓዳ በሩ ላይ ዞር አሉ።

«አንተስ ወንድሜ፣ አንተን የነካህ ነገር አለ?»

እሳቱ ከተነሣ ጀምሮ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«እኔ ደመወዝተኛ ነኝ እትዬ» አላቸው። እሳቸውም እውነት መስሏቸው ሄዱ።

ምሳ ሰዓት ላይ ማኅደር በአክስቷ ስልክ ደወለች። የሷ ክፍል መስኮት እንዳለው ጠየቀችው፤ አለው አላት። ቤቱን ገና አላየውም።

መኪናው መዝገቡን ሊወስድ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ ቢያድግልኝ ባዶውን ገጽ ገልጦ ብቻውን ተቀምጧል። የሚያማክረው የለምና እናንተ ተከራከሩለት፦ ገንዘቡ የሚገባው ከሦስቱ ለየትኛው ነው? የማንን ስም ይጻፍ?