የትጓደድ ምስጋና

ትጓደድ የምትባል ምላሰኛ ሴት ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ይዛ በላስቲክ ጎጆ ትኖር ነበር። ከባሕር ማዶ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ይህን አይተው ቤት ሊሠሩላት ተነሡ። ሥራውን ስለማያውቁት ጭቃው ጫማቸውን እየዋጠ፣ መዶሻውም ምስማሩን ትቶ ጣታቸውን እየመታ፣ እንደ ምንም ቆርቆሮ አለበሱት። ግዙፉ የቀበሌ ሊቀመንበር አቶ ልሳነወርቅ ግን በየቀኑ መጥተው መሐል ግቢው ላይ ቆመው ከመዋል በቀር አንዲት ጠጠር አላነሱም።

በምርቃቱ ዕለት ሊቀመንበሩ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና ትጓደድን ወደ ጥግ ጠሯት።

«በሕዝቡ ፊት ስሜን ጠርተሽ ካላመሰገንሽኝ ቁልፉን አታዪውም!»

«ኧረ ጋሼ፣ ብዋሽ እንግዶቹ ይታዘቡኛል።»

«እሱን አንቺ ተወጪው!»

ክረምቱ እየገባ ነበርና ትጓደድ ጨነቃት። ተራዋ ሲደርስ ግን ተነሥታ እጅ ነሳች።

«ቤቱን የሠሩልኝ እነዚህ ልጆች ናቸው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ ልሳነወርቅ ደግሞ ሥራው ከተጀመረ እስኪያልቅ ጥላችን ነበሩ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩም ደረታቸውን ነፍተው ቁልፉን በሁለት እጃቸው አስረከቧት።

አስተርጓሚው ግን ለእንግዶቹ እንዴት ብሎ እንደሚነግራቸው ግራ ገባው።

«እትዬ፣ ጥላ ስትይ ምን ማለትሽ ነው?» ሲል ጠየቃት።

ትጓደድ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችና፣

«ምኑ ይቸግርሃል ወንድሜ? ፀሐዩ ሲበረታብን ሁላችንም እሳቸው ጀርባ ሄደን እናርፍ ነበር በላቸው!» አለችው።