«ነሂ»ን «እሺ» ያለው ተርጓሚ

አንድ የሕንድ ፊልም ተርጓሚ በአንዲት ቆላማ ከተማ ይኖር ነበር። ቋንቋውን በወጣትነቱ ለአንድ ሕንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ ተቀጥሮ ሲሠራ ተማረ። በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ በከተማዋ ቪዲዮ ቤት ማይክሮፎን ጨብጦ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማል። የአንደበቱን ጣዕም የሚያውቁ ሁሉ «ዝናቡን እንኳ አማርኛ ያናግረዋል» ይሉት ነበር።

አንዲት ቃል ብቻ ግን ያጣምማል። በፊልሙ ውስጥ ወንዱ የአንገት ልብሷን እየጎተተ ሲከተላት፣ ልጅቱ «ነሂ!» ትላለች፤ አይሆንም ማለቷ ነው። ተርጓሚው ድምፁን አቅጥኖ «እሺ ነው፤ አፍሬ ነው እንጂ!» ይላል። አዳራሹ በፉጨት ይናጋል። ፊልሙም አያሳፍረውም፤ ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ ልጅቱ ከአሳዳጇ ደረት ላይ ትገኛለች።

ይህ ሰው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልጁ ከስንዱ በቀር ማንም አልነበረውም። አንድ ቀን ስንዱን ሻንጣዋን ስትዘጋ አገኛት።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«አክስቴ ዘንድ። አንድ ጎረምሳ ወር ሙሉ መንገድ ዘጋብኝ፣ አባባ። ትናንት ነጠላዬን ቀማኝ።»

«አይሆንም አትይውም?»

«አልኩት እንጂ! ሳቀና ‹ትርጉሙን አባትሽ አስተምረውኛል› አለኝ።»

ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያው ሸኛት። አውቶቡሱ ይዟት ሄደ፤ እርሱም ማንም ወደማይጠብቀው ቤት ተመለሰ።

በሚቀጥለው እሑድ የፊልሙ ልጅ «ነሂ!» ስትል፣ «አይሆንም አለች» ብሎ ተረጎመ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ አማርኛው ጠፋብዎት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ካልፈለገችው ታዲያ ለምን ታቅፈዋለች?» አለ ሌላው።

«እኔ የምተረጉመው እርሷ ያለችውን ነው» አለ ተርጓሚው። «ማቀፏን የጻፈላት ሌላ ሰው ነው።»

መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ጮኹ። ከዚያም አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ። እርሱ ግን ለባዶ አግዳሚዎች እስከ መጨረሻው ተረጎመ። ልጅቱ ዐሥራ አንድ ጊዜ «ነሂ» አለች፤ ዐሥራ አንድ ጊዜም «አይሆንም» አለላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትናገር ገና ዛሬ የሰማት መሰለው፤ ይህን የሚነግረው ሰው ግን አጠገቡ አልነበረም።

በጨለማ አዳራሽ የተጨበጨበለት ነውር በቀን ብርሃን አደባባይ ይወጣል። የባዕድ ልጅ ቃል ሲረገጥ የሳቀ ሰው፣ የገዛ ልጁ ቃል የሚረገጥበትን መንገድ እየጠረገ ነው። እውነቱን ዘግይቶ የተናገረም ብዙ ጊዜ ብቻውን ቆሞ ይናገራል፤ ቢሆንም ይናገር።

አንተስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ማን «አይሆንም» ስትል ነበር ከሰው ጋር አብረህ ያፏጨኸው?