ጓዳ የሌለው የሽኮኮ ቤት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አውሬው ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚያወራበት፣ ግድግዳ እንኳ ሳይቀር በሚቆጣበት በዚያ ዘመን፣ በገደል አፋፍ ላይ እመት ሽኮኮ ከባሏ ጋር ትኖር ነበር። ነፍሰ ጡር ነበረች። የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ አዲስ ቤት ማሠራት አማራት። ማንን ብትመርጥ ጥሩ ነው? ጉሬዛን! ዛፍ ላይ ተወልዶ ዛፍ ላይ ያደገውን፣ ቤት በሚባል ነገር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አድሮ የማያውቀውን ጉሬዛን።

አያ ጉሬዛ ነጭ ካባውን እያወዛወዘ መጣ፤ ሠራ። ሁለት ረጃጅም ልሙጥ ድንጋዮች ፊት ለፊት አቆመና ግድግዳ ናቸው አለ። አንደኛው የተንሳፈፈ እንዲመስል ብሎ በቀጭን ጠጠር ላይ ብቻ አስቀመጠው። ወለሉን እስኪያብለጨልጭ ፈገፈገው። በገደሉ በኩል ምንም አላደረገም፤ «ለዕይታ ነው» አለ። ጣሪያም አልሠራም፤ «ሰማዩ ራሱ ጣሪያ ነው» አለ።

«አያ ጉሬዛ፣ ጓዳው የት አለ?» አለች እመት ሽኮኮ። «አራስ ሆኜ የምተኛበት፣ ጉዳችንን የምንሸሽግበት?»

«ጓዳ ድሮ ቀረ፣ እመቴ። ጓዳ መስመሩን ይሰብረዋል።»

መስመሩ ምን እንደሆነ አልገባትም። ለመጠየቅ ግን አፈረች።

መንታ ወለደች። መጀመሪያ ጃርት እንኳን ማርያም ማረችሽ ልትል መጣች። መጣች እንጂ ልጆቹን መች አየች! ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተተክሎ ቀረ። ከገደሉ የሚነሳው ነፋስ የአራሷን ጀርባ ይገርፋል። እመት ሽኮኮ ወገቧን ለማሳረፍ ጠጋ ስትል ግድግዳው ተቆጣ።

«አትደገፊኝ፣ ታሳድፊኛለሽ።»

«ሲያምር!» አለች ጃርት። «ተመቻችሁ?»

እመት ሽኮኮን ይሉኝታ ያዛት። «በጣም ተመችቶናል» አለች።

ቀጥሎ ድኩላ መጣች። የዚያን ቀን ያካፋ ነበር። ለአራስ ሚስቱ ለምለም ሣር ተሸክሞ የሚገባውን የእመት ሽኮኮን ባል አንሸራተተውና በጀርባው ተዘረረ። ወለሉ ግን ሰው ወድቋል አላለም።

«ቀስ ብለህ ውደቅ እንጂ! ጭቃ አታስነካኝ» አለው።

ድኩላ አንገቷን አቅንታ ወደ ላይ ታያለች። «እንዲህ ሰማዩ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቤት የት ይገኛል? ተመቻችሁ?»

«በጣም ተመችቶናል» አለች እመት ሽኮኮ፣ ከጆሮዋ ውሃ እየተንጠባጠበ።

ድኩላ ስትሄድ የእመት ሽኮኮ ባል ተነጫነጨ። «ምን ነካሽ አንቺ ሴት? ልጆቹ ሲንቀጠቀጡ አይታይሽም?»

«ምን ልበል ታዲያ? አገር ምድሩ እያደነቀ እኔ ብቻዬን አልተመቸኝም ልበል?»

እሱም የወደቀውን ሣር ሰብስቦ በአንድ ጥግ ከመረና ልጆቹን ከለለላቸው። ምን ያደርጋል! በማግስቱ ጉሬዛ እንግዶች አስከትሎ ሲመጣ ሣሩን አየና በእግሩ በተነው።

«ሥራዬን ልታሰድቡ ነው?» አለ። «ንገሪያቸው እንጂ እመቴ፣ ተመቻችሁ አይደል?»

እመት ሽኮኮ የተበተነውን ሣር በዓይኗ እየለቀመች «ተመችቶናል» አለች።

የቤቱ ዝና ቆላ ደጋውን አዳረሰ። አንድ ቀን፣ ፀሐይ መሐል አናት ላይ ስትደርስ፣ ንስር መጥቶ ከቤቱ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ አረፈ። ትሑት ሆኖ ክንፉን ሰበሰበ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እመት ሽኮኮ። ስለ ቤትሽ ሰምቼ ነው የመጣሁት። ጣሪያ የለውም አሉ።»

«የለውም» አለች፣ ልጆቿን ወደ ሆዷ እየሳበች።

«ጓዳም የለውም አሉ።»

«የለውም።»

«እኔስ ወደድኩት። እናንተስ ተመቻችሁ?»

እመት ሽኮኮ አፏን ከፈተች። የለመደችው ቃል ግን አልወጣላትም።

«አልተመቸንም! ከገባን ጀምሮ አንድ ቀን አልተመቸንም!» አለችና ያንን ተንሳፋፊ ግድግዳ በትከሻዋ ገፋችው። ባሏም ሮጦ አገዛት።

«ኧረ መስመሬ! መስመሬ ተበላሸ!» እያለ ግድግዳው ዘመመና በወዲያኛው ግድግዳ ላይ ተጋደመ። ከሥሩ ጠባብ ጨለማ ተፈጠረ። ልጆቹን በአፋቸው አንጠልጥለው ተወተፉበት። ንስሩ ተወርውሮ ሲደርስ ጥፍሩ ያገኘው ድንጋይ ብቻ ነው። ጫረ ጫረና ሄደ።

ከግድግዳው ሥር ጀርባ ለጀርባ ተጣበቁ። ነፋሱ ቀረ። ልጆቹ ሞቃቸውና ጡት ያዙ። እመት ሽኮኮም ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ እንቅልፍ ተኛች።

በማግስቱ ጉሬዛ ሌሎች እንግዶች ይዞ ሲመጣ ጭንቅላቱን ያዘ። «ማነው ሥራዬን ያፈረሰው?»

ከውስጥ እንቅልፍ የተጫነው የእመት ሽኮኮ ድምፅ መለሰለት። «ማንም አላፈረሰው፣ አያ ጉሬዛ። ቤቱ ገና ትናንት አለቀ። አሁን እንግዶችህን ይዘህ ሂድልኝ፣ አራስ ነኝ።»

እናንተም ልብ በሉ። ቤት ስታሠሩ ማን እንደሚያድርበት አስቡ። ካልተመቻችሁ ደግሞ ለመጀመሪያው እንግዳ ተናገሩ። እየቆረቆራችሁ ተመችቶናል ስትሉ ንስሩም ይሰማል።