የላይኛው ማሳ አፈር

ስሟን መጥራት በማያስፈልግ አንዲት የጥንት ከተማ ዳርቻ፣ ተዳፋት ላይ፣ ሼህ ሙዘይን የሚባሉ አላህን ፈሪ ሽማግሌ በቆሎ ያርሱ ነበር። ምርቱን ሲሰበስቡ አገዳውን እዚያው ማሳው ላይ ያነጥፉታል፤ ግርጌውንም በድንጋይ እርከን ክበውታል። "መሬትም ዕርቃኗን አትደር" ይሉ ነበር።

ከበላያቸው የሚያርሰው እንድሪስ ግን ዘመናዊ ነኝ ባይ ነው። ምርጥ ዘር ገዛ፣ ትራክተር ተከራየ፣ አገዳውን አቃጠለና ማሳውን ከላይ ወደ ታች አሳረሰው። ሼሁ አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ደጃፍ ያዙት።

"እንድሪስ፣ አግድም እረስ እንጂ። እንዲህማ ለጎርፉ መንገድ ጠርገህለት..."

"ሼሃችን፣ መጀመሪያ የርስዎን ማሳ ያስጠርጉ! ሠርግ ያደረበት ግቢ መስሏል እኮ!"

ጀመዓው በሳቅ ፈነዳ። ሼሁ ቃላቸውን ዋጡ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን አልከለከሉትም፤ ሲታመምም ጠይቀውታል። ስለ እርሻ ግን ሦስት ክረምት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሱለትም።

ዝናቡ ግን ዝም አላለም። የእንድሪስ አፈር በትልሙ እየተንደረደረ ወርዶ ገሚሱ ወንዝ ገባ፣ ገሚሱ የሼሁ እርከን ላይ ተኛ። እዚያ የበቀለውን በቆሎ ያየ ያውቀዋል! ወፍ ጫፉ ላይ ለመድረስ መሃል መንገድ አርፋ ትንፋሿን ትሰበስብ ነበር። የእንድሪስን ደግሞ ዶሮ ሳትንጠራራ ትፈለፍለው ጀመር። ዋሸህ የሚል ዶሮዋን ይጠይቅ።

በአራተኛው ዓመት እንድሪስ ማሳውን ጥሎ ለቀን ሥራ ሊሰደድ መሆኑ ተሰማ። ሰዉም ሼሁን "ለርስዎ ግን አላህ ሪዝቅ አወረደልዎት" አላቸው። ሼሁ ወደ እርከናቸው ወረዱና አንድ እፍኝ አፈር አነሱ። የሳቸው መሬት ቀይ ነው፤ እጃቸው ላይ ያለው ጥቁር።

"ይሄ የሰው ሐቅ ነው" አሉና አህያቸውን ጫኑ።

እንድሪስ ማሳው ላይ ጆንያ ሲያራግፉ ደረሰባቸው።

"ምንድን ነው ይሄ ሼሃችን?"

"አፈርህ ነው። እኔ ዘንድ አምልጦ መጥቶ።"

"አፈር እንደ በግ ተነድቶ ይመለሳል እንዴ!"

"ይመለሳል። መጀመሪያ ግን በረቱን እንሥራለት።"

ሁለቱ ተጋግዘው ተዳፋቱን አቋርጠው እርከን ካቡ። ከዚያ ምልልሱ ተጀመረ፤ አህያዪቱ ሰባት ኮርቻ፣ ሼሁ አሥራ ሁለት ጥንድ ጫማ ጨረሱ። እንድሪስም መሰደዱን ተወው። ግን የመጨረሻው ጆንያ ሲራገፍ የላይኛው ማሳ እኩሌታው አሁንም ዐለት ነበር። እንድሪስ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ሼሁ ከለከሉት። ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ነበር።

"አውፍ በለኝ እንድሪስ። እርከኔ የያዘውን መለስኩልህ። እኔ ተቀይሜ ዝም ስል ወንዝ የወሰደውን ግን በምን ልመልሰው?"

ወገኖቼ፣ እኛ የሰው ሐቅ ሲባል የምናስበው ከሰው እጅ የወሰድነውን ነው። ሼሁን ያስለቀሳቸው ግን ሳይሰጡ ያስቀሩት ነሲሓ፣ ያ የወንድም ምክር ነበር። አንድ ሰው ሳቀብን ብለን የምናውቀውን ስንደብቅ፣ በጥፋቱ ላይ የኛም እጅ አለበት። ያ ዐለት እስከ ዛሬ በቆሎ አላበቀለም። አላህ እሳቸውንም፣ አኩርፈን ዝም ያልነውንም ሁሉ ይማረን።